ለሰርክአዲስ ጣቶች የሚሆን ስዊች

ኅዳር 6፣ ዓርብ ማታ

ኪቦርድ ሻጭ ሆኜ በእስክርቢቶ መጻፌን የሱቁ ጀሊል ቢያይ ሳምንቱን ሙሉ ይስቅብኛል። ምን ላድርግ? አብሮኝ የሚኖረው አሳምነው የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ ገና ሳይነጋ ስለሚወጣ በጊዜ ይተኛል። አንድ ቁልፍ ጠቅ ካለች «አንተ ሰውዬ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር የለህም?» ብሎ ይነሣብኛል። እስክርቢቶ ግን አይጮኽም።

ዛሬ እህት አይናዲስ ቤት ጸሎት ነበረን። እዚህ ሳውዲ እንዲህ ያለ ጸሎት ስለማይፈቀድ፣ እንደ ሁልጊዜው መጋረጃው ተዘግቶ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ተከፍቶ፣ እኛ በሹክሹክታ ዘመርን። የሰፈራችን የቱቅባ ግድግዳ የጎረቤት ሳል ያሳልፋል። የምናጨበጭበውም በሁለት ጣት ነው፣ መዳፍ ላይ ጠብ ጠብ እያደረግን። አዲስ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ኋላ ይለምደዋል። እኔ ከለመድኩት ስለቆየሁ አሁን አገር ቤት ብገባም በሙሉ እጄ የማጨበጭብ አይመስለኝም።

ጸሎቱ ሲያልቅ እህት ሰርክአዲስ ወደ እኔ መጣች። ዐቅረቢያ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ዓርብ ከሰዓት ብቻ የምትወጣ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ከሰላምታ በቀር አውርተን አናውቅም።

«ወንድም ሙሉብርሃን፣ ኪቦርድ ይሸጣሉ አሉኝ።»

«አዎ፣ ምን ፈለግሽ?»

«ለእንዲህ ዓይነት ጣት የሚሆን አለዎት?» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ።

የጣቶቿ ጫፍ በበረኪና ተልጦ፣ መልሶ በቅሎ፣ እንደገና ተልጦ ያብለጨልጫል። ትኩስ ብርጭቆ ስትይዝ እንኳ ቶሎ አይሰማትም አለችኝ። ያለችው እየሳቀች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንትራቷ ከረመዳን በፊት ያልቃል። ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፉ ጋሼ ወልደሚካኤል የሚባሉ የአባቷ ወዳጅ አሉ። ጸሐፊያቸው አግብታ ልትሄድባቸው ነው። «በስልክ ማመልከቻ አነብልሻለሁ፤ እኩል ከተከተልሽኝ ወንበሩ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» ብለዋታል። ካልሆነላት ለማዳሟ ሌላ ሁለት ዓመት መፈረሟ ነው። የማዳም ልጅ አሮጌ ላፕቶፕ ሰጥታታለች፤ ቁልፎቹ ግን ግማሾቹ ደንቁረዋል።

«ጣጣ የለውም» አልኳት። እኔ ደሞ ሁሉን ነገር ጣጣ የለውም እላለሁ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ሱቅ ውስጥ ለሸባቦቹ፣ ጌም ለሚጫወቱት ጎረምሶች፣ መሞከሪያ የምናስቀምጠው ሰሌዳ አለ። በየቁልፉ ሥር፣ ምቱን የሚቀበለው፣ የተለያየ ስዊች ተገጥሞበታል። ዛሬ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ተጫንኩት። ለስንቱ ሰው እንዳልሸጥኩት፣ አሁን አዲስ ሆነብኝ።

ቀዩ ምንም ሳያደናቅፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቡናማው መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፤ ፊደሉ መያዙን ለጣት ይነግራል። ሰማያዊው ጉብታም አለው፣ ይጮኻልም። ጠቅ! አሳምነው ቢሰማው ከቤት ያስወጣኛል።

ጀሊል አብሮኝ የሚሠራ የከሚሴ ልጅ ነው። ከአንድ ጌም ወደ ሌላ ጌም እየዘለለ የሚኖር። «ወላሂ ቀዩን ስጣት፣ በጣም ቀላሉን። ነካ ስታደርገው ይተኩሳል» አለኝ።

«ልትተኩስ አይደለም፣ ልትጽፍ ነው።»

«ያው ነው። የታመመ እጅ ቀላል ነገር ይፈልጋል።»

አሳማኝ ነው። ደግሞ የአማርኛ ፊደል ሳድስ ካልሆነ በቀር ሁለት ሁለት ምት ይጠይቃል፤ ከባድ ስዊች ቢሆን ድካሙ እጥፍ ነው። ቀዩን ገጠምኩ።

«ለማን ነው ግን?» አለኝ ጀሊል።

«ለአንዲት እህት።»

«አሃ። ለእህት» አለ፣ ወደ ጌሙ ሳይመለስ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ሰጠኋት። ሣጥኑን ስትከፍት «ዋይ፣ መብራት አለው!» አለች። መብራቱን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። በሹክሹክታ፣ ከማድ ቤት። «ወንድም ሙሉብርሃን፣ አይቆጡኝም አይደል? ‹አመልካች› ብዬ ስጽፍ ‹አአመመልልካች› ይላል። ኪቦርዱ ይንተባተባል።»

ኪቦርዱ አልተንተባተበም። ጣቷ ቁልፉ ላይ ማረፉ ራሱ ስለማይሰማት፣ እሷ ሳታውቀው እየተጫነችው ነው። የታመመ እጅ ቀላል ነገር ይፈልጋል! የጀሊልን ምክር የሰማሁት እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ጀሊል እጇን አላየም፤ እኔ አይቻለሁ።

ደግሞ «አይቆጡኝም» ማለቷ። እኔ ማንን ተቆጥቼ አውቃለሁ?

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ገዝቼ፣ ሁለት ደርቤ አጥልቄ፣ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ዋልኩ። የሚሰማትን ያህል እንዲሰማኝ ብዬ ነው። ቀዩ ላይ ምንም የለም፤ ጣቴ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። ቡናማው ትንሽ። ከቡናማው ጠንከር ያለ፣ ጉብታው ትልቅ የሆነ ሌላ አለ፤ እሱ በሁለት ጓንት ውስጥም አልፎ መጣ።

ጀሊል ከመጋዘን ሲወጣ ቢጫ ጓንት አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «አመልካች፣ አመልካች» እያልኩ ስጽፍ አገኘኝ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! ሙሌ፣ ምን ነካህ?»

«ስዊች እየመረጥኩ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ሚስቴን ስመርጥ እንዲህ አልደከምኩም።»

ጀሊል ሁሉን ነገር ወደዚያ ይወስደዋል። ሥራ ነው። ደንበኛ ናት።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ባለ ትልቅ ጉብታውን ቀየርኩላት። ስዊቹን በመንቀያው እየነቀልኩ ስገጥም አጠገቤ ቁጭ ብላ ቁልፎቹን በተራ ታቀብለኛለች። «አሁን ሀ... አሁን ለ...» እያለች። ከጨረስን በኋላ ሞከረችው። ስሟን ጻፈች። ቀጥላ የኔን ስም ጻፈች። አልተንተባተበም። «ሰማሁት! በጣቴ ሰማሁት!» አለች።

ውሃ ልጠጣ ስገባ አይናዲስ ማድ ቤት ውስጥ ለባሏ ለአብርሽ «ይሄ ልጅ እስከ መቼ ነው የሚንቀለቀለው? አንዱን ነቅሎ አንዱን እየሰካ ሊያረጅ ነው» ስትለው ሰማሁ። ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ሰርክአዲስ ደወለች። «ማዳም ሰማችኝ። ስጽፍ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።»

ሌት ከማን ጋር ትጻጻፊያለሽ ብትላትስ? ስልኳን ብትነጥቃትስ? ስንቷ ናት በማይረባ ነገር ሙሽኪላ ውስጥ የገባችው። እንድትጨርስ እንኳ አልጠበቅኩም። «በቃ፣ አይዞሽ፣ ኸላስ። ድምፅ የሌለው አመጣልሻለሁ። ማንም አይሰማሽም» አልኳት።

«እሺ» አለች። «አንተ ካልክ እሺ።»

አንተ አለችኝ። ዛሬ ነው ያስተዋልኩት።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ውስጣቸው ጎማ ያለባቸው ዝምተኛ ስዊቾች አሉ። እነሱም ሙሉ በሙሉ ዝም አይሉም። እያንዳንዱን ፈትቼ ሞላውን ቅባት አስነካሁ፣ ሥሩ ስፖንጅ አነጠፍኩ። ቅባቱ ከበዛ ቁልፉ ይጨማለቃል፣ ካነሰ ይንቋቋል። በቀጭን ብሩሽ፣ እንደ ኩል። ዓይኔ ደከመ። ወገቤም።

ግን ደስ ይላል። እንዲህ ያለ ሥራ ለማንም ሠርቼ አላውቅም። ስጨርስ በተኛው አሳምነው ጆሮ ሥር አስጠግቼ ተጫንኩት። አልነቃም። ድል ነው እንግዲህ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ሰጠኋት። ሁለት ሦስት ቁልፍ ተጫነች፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ ለመስማት ሞከረች። «እውነትም ድምፅ የለውም» አለች።

«ይመቻል?»

«አንተ ሠርተኸው!» አለች። ቀና ብላ ስታየኝ የምገባበት ጠፋኝ። የተናገርኩት ነገር «የቅባቱ ዋስትና ስድስት ወር ነው» የሚል ነበር። የምን ዋስትና! ማን ጠየቀኝ!

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጋሼ ወልደሚካኤል ሞከሯት። አልሆነም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ አምልጧታል። ፊደሉ ይያዝ አይያዝ ስለማታውቅ በየቃሉ ማያ ገጹን ቀና ብላ ታያለች፤ እሳቸው ደግሞ አይጠብቁም። «ልጄ፣ ባለጉዳይ ቆሞ አይጠብቅም። አንድ ዕድል ልስጥሽ፤ ከጥምቀት በኋላ እንደገና እሞክርሻለሁ። ከዚያ ግን የእህቴ ልጅ አለች» አሏት።

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልምምድ ይጎድለኛል» አለች። ስዊቹን አንዲት ቃል አልወቀሰችውም።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ሥራ ገባሁ። ጀሊል ሚስቱ የሠራችውን ዶሮ ወጥ ይዞልኝ መጣ፤ እስላም ወንድሜ ለገና ዶሮ ያበላኛል። ሰርኬ ዛሬ አልተፈቀደላትም፤ እንግዳ አለባቸው። መልካም ገና ብላ ጽፋ ላከች። ‹መልካ ገና› ይላል። ምን ፊደል ጎደለ፣ ምን ሆነ፣ ማያ ገጹ ላይ ዓይኔን ተክዬ ዋልኩ።

ጥር 5፣ ሰኞ

ማዳም የኮንትራት ማደሻውን ወረቀት አምጥታላታለች። ደመወዝ ትጨምርላታለች፣ ክፍሏን ታስቀባላታለች፣ ረመዳን ላይ ረዳት ታመጣላታለች። «ከልጆቼ ጋር ስምንት ዓመት ኖረሽ እንዴት ትሄጃለሽ?» ብላ እጇን ይዛ ለምናታለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፋቱ እሱ ነው። ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር።

ሰርኬ በስልክ «ምናልባት ልፈርም» አለችኝ። «ፈተናው ካልሆነልኝ ባዶ እጄን ገብቼ ምን እሆናለሁ?»

ልጽፈው ነው። ማንም ስለማያነበው ልጽፈው ነው። «ልፈርም» ስትል ደስ አለኝ። ሌላ ሁለት ዓመት ዓርብ ዓርብ አያታለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያፈርኩት። ሰው ጣቱ ተልጦ አልቆ፣ አገሬ ልግባ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ልሥራ ሲል፣ እኔ በረኪናው ይቀጥልላት ብዬ መደሰቴ ነው? ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ።

ለጀሊል ግማሹን ነገርኩት። ሰማኝና «ሙሌ፣ ዝምተኛውን ስዊች የሠራህላት እንዳትሄድ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አብደሃል?»

«ጠየቅኩ እንጂ። ወላሂ፣ ለመጠየቅ ያህል ነው።»

ሆን ብዬ አይደለም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሆን ብዬ አይደለም። ግን በጓንት ሞክሬ ጉብታው ያስፈልጋታል ብዬ ያወቅኩት እኔው፣ ጉብታውን በስፖንጅና በቅባት የገደልኩት እኔው። ዝምተኛውን ከሠራሁ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ጓንቱን አጥልቄ አልሞከርኩትም። ለምን አልሞከርኩትም?

ጥር 9፣ ዓርብ

የሆነውን ሳልተኛ ልጻፈው። ክፉ ነገር አይደለም።

ዛሬ በጸሎት መሃል፣ ሁላችን በሁለት ጣት ጠብ ጠብ እያደረግን፣ ሰርኬ በሙሉ እጇ አጨበጨበች። ጧ! አንዴ ብቻ። አብርሽ ሮጦ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። አይናዲስ በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ውጭ አየች። ሰርኬ አፏን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፣ በሹክሹክታ።

ስትወጣ ደረጃው ላይ ተከተልኳት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እንጃ። አመለጠኝ።» ቀጥላም «ሙሌ፣ ስምንት ዓመት በእግሬ ጣት ነው የሄድኩት። ሰሃን ሳስቀምጥ እንዳይሰማ፣ በር ስዘጋ እንዳይሰማ፣ ስዘምር እንዳይሰማ። አንዳንዴ በሕይወት መኖሬ ይጠፋኛል» አለች።

ያን ጊዜ ነው መጠየቅ ያለብኝን የጠየቅኩት። ከአንድ ወር በላይ ዘግይቼ።

«ያን ቀን ማዳም ስትሰማሽ ምን አለች?»

«ሳቀች።»

«ምን?»

«ሳቀች እኮ ነው የምልህ። ድሮ የሴቶች ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። እኔን ሳራ ነው የምትለኝ። ‹ያ ሳራ፣ የወጣትነቴን ድምፅ አመጣሽልኝ፤ በሩን ክፍት አድርጊው፣ እየሰማሁት ልተኛ› አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አላስጨረስከኝማ! ማንም አይሰማሽም አልከኝ። ከዚያ ደግሞ ያን ሁሉ ቅባት በብሩሽ ቀብተህ፣ ዓይንህ ቀልቶ ይዘህ መጣህ። እንዴት አልፈልገውም ልበልህ? አንተ የሠራኸውን?»

እኔን አላስከፋም ብላ ወንበሯን ልታጣ ነበር። እኔ ደግሞ እሷን ልጠብቅ ብዬ አፏን ዘጋሁባት። ሁለታችንም የዚህ አገር ልጆች ሆነናል፤ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የምናስበው ማጥፋት ነው።

«አሁን ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። «የኔን ተይው። አንቺ።»

«የሚጮኸውን» አለች። «በሰሌዳህ ላይ ያለውን፣ አይናዲስ የሱቅህ ሸባቦች የሚወዱት ነው ያለችኝን። እየጻፍኩ መሆኔን በጆሮዬ ልስማ። ጣቴ ባይሰማ ጆሮዬ አይሰማም እንዴ?»

አይናዲስ ከላይ ሆና በደረጃው መደገፊያ ላይ ተንጠልጥላ «ተመስገን!» አለች። መቼ ነው የወጣችው?

ጥር 12፣ ሰኞ

ዓርብ ትታልኝ በሄደችው ኪቦርድ ላይ ሰማያዊዎቹን ገጠምኩ። ከመግጠሜ በፊት ጓንቱን አጥልቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩ። ጣት ባያውቅ ጆሮ ያውቃል። አንዱም አላመለጠኝም። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሸባቦች ዞረው አዩኝ። ጀሊል «ይኸው ነው! ይኸው ነው!» እያለ የራሱን ጌም እስኪረሳ ድረስ ቆሞ ሰማኝ።

ከነቀልኳቸው ዝምተኞች ጋር በአይናዲስ በኩል ዛሬውኑ ላክሁት። ዓርብን አልጠበቅኩም። ወረቀቱን እስካሁን አልፈረመችም። እንዳትፈርም እየጸለይኩ ነው፤ ለጸሎቱ ግን አፌ ይከብደኛል።

ጥር 26፣ ሰኞ

ተፈተነች።

ሦስታችንን በአንድ መስመር አገናኘችን፤ ጋሼ ወልደሚካኤል ከደብረ ብርሃን፣ እሷ ከማዳም ማድ ቤት፣ እኔ ከሱቅ። «ድምፅህን አጥፍተህ ስማ፤ ብቻዬን እንዳልሆን» አለችኝ። ጀሊል ኮምፒውተሩን ዘጋ። በሕይወቴ ጌም አቋርጦ ሲዘጋ አይቼው አላውቅም።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። «አመልካች... ተጠሪ... ጉዳዩ፦ የተጠሪ በግ የአመልካችን ጎመን ስለ መብላቱ የቀረበ የካሳ ጥያቄ ነው...»

ቁልፎቹ እንደሚቆላ ተልባ ተንጣጡ። እሳቸው ሲፈጥኑ እሷም ትፈጥናለች፣ እሳቸው ትንፋሽ ሲወስዱ እሷ ቀድማ ታቆማለች። በጉ በአጥር ሾለከ፣ ጎመኑ አለቀ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ተጠሪ ሽማግሌውን ሰደበ። መሃል ላይ ጋሼ ቆም አሉ።

«ይሄ የሚንጣጣው ምንድነው?»

በቃ፣ አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።

«አንቺ ነሽ? በይ ቀጥይ» አሉና ቀጠሉ። ሲጨርሱ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው። ከጎመኑ አንዲት ቅጠል አልጎደለችም። ጋሼ ወልደሚካኤል «ያን ዕቃ ይዘሽው ነይ። ባለጉዳዩ ሲንጣጣ ከሰማ ሥራ እየተሠራለት መሆኑን ያውቃል» አሏት።

ጀሊል አቀፈኝ። አለቀስኩ። የደስታ ነው። አብዛኛው የደስታ ነው።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ኹሩጇ፣ የመውጫ ቪዛዋ፣ ተመታ። ማዳም ሁለት ቀን አኩርፋ በሦስተኛው ቀን ራሷ ቲኬት ቆረጠችላት። አይናዲስ ቤት የሽኝት ጸሎት አደረግን። ከሰርኬ ጋር ብዙ ላወራ አስቤ ስለ ኬብሉ አወራኋት፤ እንዳይታጠፍ፣ ውሃ እንዳይነካው። አይናዲስ በአጠገባችን ስታልፍ «የጉድ አገር!» ብላ አለፈች።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ከኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ መመለሳችን ነው። ጀሊል ነው በመኪናው የወሰደኝ።

ማዳም ራሷ አምጥታታለች። አንድ ካርቶን ተምር ይዛ፣ ዓይኗ አብጦ። ሰርኬ ኪቦርዱን ሻንጣ ውስጥ አልከተተችውም፤ በነጠላዋ ጠቅልላ በብብቷ ይዛዋለች። ልትገባ ስትል አንዲት ትንሽ ከረጢት አወጣችልኝ። የሠራሁላት ዝምተኞቹ ስዊቾች ናቸው፣ ሁሉም።

«እነዚህን ከኪቦርዱ ጋር አልወስድም። ደብረ ብርሃን ምን ይሠሩልኛል? ግን ልጥላቸውም አልቻልኩም፤ አንተ ነህ የሠራሃቸው።»

ተቀበልኳት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሹክሹክታ ነው። እኔ ራሴ አልሰማሁትም።

ሰርኬ ኪቦርዱን ክንዷ ላይ አስተካከለች። በነጠላው ላይ ጣቶቿን በቦታ በቦታቸው አሳረፈች። «በል አጽፈኝ» አለች። «ጮክ ብለህ። የሚያጉተመትም ባለጉዳይ አልጽፍም።»

«ሰርኬ፣ ሰው ያያል...»

«አመልካች?» አለች።

ጀሊል ከኋላ ጎሸመኝ።

«አመልካች... ሙሉብርሃን።»

«ተጠሪ?»

«ሰርክአዲስ።»

«ጉዳዩ?»

ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ለካ ድምፅ አለኝ። «ጉዳዩ፣ እወድሻለሁ!» አልኩ። እዚያ የመሄጃ አዳራሽ መሃል ላይ። «በጣም ነው የምወድሽ! ስትሄጂ ደስ ብሎኛል፣ ስትሄጂ እየሞትኩ ነው፣ ሁለቱንም ጻፊው!»

ጋሪ የሚገፋው ፊሊፒናዊ ዞር አለ። ማዳም ጀሊልን «ወሽ ይጉል?» አለችው፤ ምን ይላል ማለቷ ነው። ጀሊል ሳይቀንስ ተረጎመላት። «አኺራን!» አለች፣ በስንት ጊዜው እንደ ማለት፣ ከዚያ ሺላዋን፣ የራስ ሻሿን፣ ይዛ እንደገና ማልቀስ ጀመረች።

የሰርኬ ጣቶች ነጠላው ላይ አንድም ቃል አልዘለሉም። ስትጨርስ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«ማመልከቻህ ቀርቧል» አለች። «ለፋሲካ ቀጥሬሃለሁ። በአካል ትቀርባለህ፤ በስልክ አልሰማም።»

ገባች። ከፓስፖርቱ መስኮት ወዲያ ዞር ብላ፣ ኪቦርዱን በብብቷ አጥብቃ፣ በሁለት እጇ አጨበጨበች። ሙሉ ጭብጨባ። እኔም መለስኩላት። መዳፌ እስኪቀላ ድረስ አጨበጨብኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

በሰላም ገብታለች። ካፊሌን፣ አሠሪዬን፣ ለፋሲካ ዕረፍት ጠየቅኩት። «ለምን?» አለኝ። ልነግረው ስጀምር ጀሊል ቀድሞኝ ነገረው። ፈቀደ።

ዝምተኞቹን ስዊቾች መሳቢያ ውስጥ አኖርኳቸው። ማታ የራሴን ኪቦርድ ፈትቼ ሰማያዊዎቹን ገጠምኩበት፤ ለእሷ ረጅም ነገር ልጽፍ ፈልጌ ነው። አሳምነው መተኛቱን አልረሳሁም። ግን ዛሬ በእስክርቢቶ የሚሆን አይደለም።

ገና ስሟን እንደጻፍኩ አልጋው ተንቋቋ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድነው የሚንጣጣው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።